ጀምበር ከጠለቀች በኋላ

ቤቴ ሳለሁ አመሻሽን አላውቀውም። ከሥራ ወጥቼ ትራንስፖርት እስካገኝ፣ ልጆቹ ጋ እስክደርስ፣ የቤት ሥራቸውን እስካይላቸው፣ እራት እስኪቀርብ ድረስ ጎንበስ እንዳልኩ እቆይና ቀና ስል መስኮቱ ጠቁሮ አገኘዋለሁ። በቀንና በሌሊት መካከል ያለው ሰዓት ለእኔ የሩጫ ሰዓት ነው። ሰማዩ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚመስል ብትጠይቁኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

መሥሪያ ቤቴ ለመረጃ ትንተና ስልጠና ከከተማ ራቅ ወዳለ ማሠልጠኛ ከላከኝ ወዲህ ግን ነገሩ ተገለባበጠ። ትምህርቱ 11 ሰዓት ላይ ያበቃል፤ የመመገቢያ አዳራሹ የሚከፈተው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ የእኔ ነው። ማንም አይጠራኝም፣ ማንም ደጅ ላይ ቆሞ አይጠብቀኝም። መጀመሪያ ሰሞን ይኸው ነፃነት ራሱ ናፍቆቴን አባባሰብኝ። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ የልጆቼን ፎቶ ሳገላብጥ ሰዓቱ አልሄድ ይለኝ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ካልከለከለኝ በቀር አልቀረሁም።

የስልጠናው ቀን እንዴት እንደሚያልፍ ልንገራችሁ፤ ለምን ሜዳ እንደሚያምረኝ የሚገባችሁ ያኔ ነው። ጠዋት የተከፈተው ኮምፒውተር ማታ ነው የሚዘጋው። ቀኑን ሙሉ ሠንጠረዥ ውስጥ ነን፤ ረድፍና ዓምድ፣ አማካይና ስርጭት፣ የጎደለ ቁጥር ፍለጋ። ቅርብ ያለን ነገር ለማየት ዓይናችን ውስጥ ያለችው ትንሽ ጡንቻ መኮማተር አለባት፤ የምትላላው ሩቅ ስናይ ነው። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ደግሞ ዓይናችንን የምናርገበግበው ከወትሮው ባነሰ መጠን ስለሆነ ዓይን ይደርቃል፣ ይቆረቁራል። ስለዚህ ከበሩ ወጥቼ የመጀመሪያውን ሩቅ ኮረብታ ሳይ ግንባሬ ላይ የነበረው ጫና ሲለቀኝ ይታወቀኛል። ይህ ብቻውን ለመውጣት ይበቃኛል፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

መንገዴ ሁልጊዜ አንድ ነው። ከማዕከሉ በር በስተቀኝ የጋሪ መንገድ አለ፤ በሁለት ማሳዎች መካከል ያልፍና ወደ አንድ ወንዝ ያቆለቁላል፤ ከእንጨት ድልድዩ ማዶ ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ኮረብታ ይወጣል። ኮረብታው አናት ላይ አንድ ትልቅ ዛፍና ተቀምጠውበት የሚያርፉበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። አብራኝ የምታድረው ሰልጣኝ «ለምን በሌላ መንገድ አትሞክሪም? አይሰለችሽም?» ትለኛለች። እኔ ግን መንገዱን መቀየር አልፈልግም። መንገዱ ሲለዋወጥ የማየው መንገዱን ብቻ ነው፤ ጉድጓዱን፣ መታጠፊያውን፣ የትኛው ወደየት እንደሚወስድ። መንገዱ አንድ ሲሆን እግሬ ራሱ ያውቀዋል፤ ዓይኔና ጆሮዬ ለሌላው ነገር ነፃ ይሆናሉ። ትናንት ያልነበረው የአበባ እንቡጥ ዛሬ መኖሩን የማውቀው ትናንት እዚያው ስለነበርኩ ነው።

ድልድዩ ላይ ስደርስ ክንዴን ቀጥ አድርጌ ዘርግቼ ጡጫዬን ከፀሐይዋ በታች እይዛለሁ። የተዘረጋ ክንድ ጫፍ ላይ ያለ ጡጫ ሰማዩ ላይ 10 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል። ፀሐይ ደግሞ በሰዓት 15 ዲግሪ ትጓዛለች። ቀጥ ብላ በምትወርድበት አገር አንድ ጡጫ ማለት 40 ደቂቃ ያህል ነው፤ ከምድር ወገብ ርቆ፣ ወደ ጎን ተጋድማ በምትጠልቅበት ቦታ ጊዜው ይረዝማል። ለዚህ ሰዓት አላይም፣ ስልኬንም አላወጣም። ከጡጫዬ በታች ክፍተት ካለ ቀስ እላለሁ፤ ከሌለ እፈጥናለሁ።

አሁን ልለው የፈለግሁት ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። አንዳንድ ቀን ሌሎች ሰልጣኞችም ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ወደ ኮረብታው ይወጣሉ። የመጨረሻዋ ቀይ ቅንጣት ከአድማሱ ስትሰወር ፎቶ ያነሣሉ፣ «አለቀ» ይባባላሉ፣ ይመለሳሉ። እኔ በሙሉ ልቤ የምለው፣ ያኔ ገና ተጀመረ እንጂ አላለቀም። እንዲያውም የፀሐይዋ ታችኛ ጠርዝ አድማሱን ሲነካ በምናይበት ቅጽበት ፀሐይዋ በእውነተኛ ቦታዋ ከአድማሱ በታች ገብታለች። አየሩ ብርሃኗን እያጎበጠ ነው ከፍ አድርጎ የሚያሳየን። ሰው የሚሰናበተው ቀድማ የሄደችውን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ የሥነ ፈለክ ሰዎች በሦስት ይከፍሉታል። ፀሐይ ከአድማስ በታች እስከ 6 ዲግሪ እስክትወርድ ያለው የመጀመሪያው ድንግዝግዝ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሰማዩ ጥርት ካለ ደጅ ቆሞ ማንበብ ይቻላል። እስከ 12 ዲግሪ ያለው ሁለተኛው ነው፤ ደማቆቹ ከዋክብት ይወጣሉ፣ አድማሱ ግን ገና ይለያል። እስከ 18 ዲግሪ ያለው ሦስተኛው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ባልበለጠ ጊዜ ያልፋል፤ ወደ ዋልታዎቹ በቀረብን ቁጥር እየረዘመ ይሄድና በበጋቸው ሌሊቱን ሙሉ የማይጨልምባቸው ቦታዎች አሉ። እኔ ያለሁበት የሚፈጥነው ዓይነት ነው። ስለሚፈጥንም አንዲት ደቂቃ ማባከን አልፈልግም።

ፀሐይዋ እንደገባች ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዞራለሁ። ሁሉም ሰው ወደ ምዕራብ ያያል፤ እኔም ድሮ ብወጣ ኖሮ እንዲሁ አደርግ ነበር። በምሥራቅ በኩል፣ አድማሱ ላይ ተነጥፎ፣ ግራጫማ ሰማያዊ የሆነ ወፍራም መስመር ይታያል፤ ከላዩ ላይ ደግሞ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ያለው ሌላ መስመር። ያ የታችኛው ግራጫ የምድር ጥላ ነው። የቆምንባት ምድር የራሷን ጥላ አየሩ ላይ ስትጥል በዓይናችን እናያለን ማለት ነው። ፀሐይዋ እየወረደች ስትሄድ ጥላው ከፍ ከፍ ይላል፤ ሮዙን እየገፋ ይወጣና መጨረሻ ላይ ከሰማዩ ጋር ተቀላቅሎ ድንበሩ ይጠፋል። ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ደመና መስሎኝ አልፌው ነበር። ምን እንደሆነ ካወቅሁ በኋላ ግን ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ እስኪጠፋ ድረስ ሳላየው መመለስ አልሆነልኝም።

መመለሻው ላይ ቀለማት ይለወጣሉ። ከድልድዩ አጠገብ ቀይ አበባ ያለው ቁጥቋጦ አለ። ስሄድ ከሩቅ ይጠራኛል፤ ስመለስ ግን አበባው ጥቁር ሆኖ ከግንዱ አይለይም፣ ቅጠሉ ደግሞ ከአበባው ይልቅ ብሩህ ሆኖ ይታየኛል። እ.ኤ.አ. በ1819 ቼካዊው ሳይንቲስት ያን ፑርኪንዬ ይህንኑ አስተውሎ ነበር፤ ነገሩ እስካሁን የሚጠራው በስሙ ነው። ምክንያቱ ዓይናችን ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ስላሉት ነው፤ ቀለም የሚለዩት ብርሃን ሲያንስ ሥራቸውን ለሌሎቹ ይለቃሉ፤ እነዚህ በጭለማ የሚሠሩት ደግሞ ለቀይ ብርሃን ደንታ የላቸውም፣ ለሰማያዊና ለአረንጓዴው ይቀርባሉ። ሙሉ በሙሉ ጨለማ እስኪለምዱ 30 ደቂቃና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። ስልክ ከኪስ ወጥቶ አንዴ ከበራ ያ ሁሉ ትዕግሥት እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ስልኬን የማላወጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ባትሪ ስይዝም መስታወቱ ላይ ቀይ ላስቲክ አስሬበት ነው።

ከዓይን በኋላ ጆሮና ቆዳ ይመጣሉ። ወደ ወንዙ ሳቆለቁል አንድ ቦታ ላይ ቅዝቃዜው ከቁርጭምጭሚቴ ጀምሮ ወደ ጉልበቴ ሲወጣ ይሰማኛል። ሌሊት ሲቃረብ መሬት ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ መሬቱን የነካው አየር አብሮት ይቀዘቅዝና ስለሚከብድ እንደ ውኃ ወደ ዝቅታው ይፈሳል። ኮረብታው ላይ ሹራቤን ወገቤ ላይ አስሬ ወንዙ ዳር ስደርስ የምለብሰው ለዚህ ነው። ይኸው ቀዝቃዛ አየር ድምፅንም ይለውጣል። ከታች ቀዝቃዛ ከላይ ሞቅ ያለ አየር ሲሆን ወደ ላይ ሊያመልጥ የነበረው ድምፅ ታጥፎ ወደ መሬት ይመለሳል። ቀን የማልሰማው ከወንዙ ማዶ ያለ ሰፈር ውስጥ የሚጮኸው ውሻ፣ በር የሚዘጋው ሰው፣ ልጇን የምትጠራው እናት ሁሉም ድልድዩ ላይ ሆኜ አጠገቤ ያሉ ያህል ይሰሙኛል። የእናትየዋ ጥሪ ሆዴን ያባባዋል። እኔም ልጆች ያሉኝ እናት ነኝ፤ በዚያ ሰዓት «ግቡ መሸ» ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ድልድዩ ሥር የሌሊት ወፎች ያድራሉ። ከእነሱ ጋር ያለኝ ነገር ከስልጠናው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው።

አሠልጣኛችን መልመጃ ሲሰጠን ሁልጊዜ ከዚያ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፤ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ይላል። ማን ለካው፣ በምን ለካው፣ ሲለካ ምን ጎደለ? እኛ የምንሠራባቸው ቁጥሮች ሌላ ሰው የሰበሰባቸው ናቸውና ጥያቄው ከአፍ አልፎ አልገባኝም ነበር። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚሉትም ቀመሩን ጠንቅቄ ባውቀውም ምን እንደሚነግረኝ አይታየኝም ነበር። ታዲያ አንድ ምሽት ድልድዩን ስሻገር የመጀመሪያዋ የሌሊት ወፍ ውልብ ብላ አለፈች፤ እኔም «በየምሽቱ የምትወጣው ስንት ሰዓት ላይ ይሆን?» ብዬ አሰብኩ። ከማግስቱ ጀምሮ መመዝገብ ያዝኩ። በሰዓት ሳይሆን ጀምበር ከጠለቀች ስንት ደቂቃ እንደሆናት ነው የምጽፈው። በትንሽ ደብተር፣ በእርሳስ፣ ደመና ነበር ወይስ አልነበረም ከሚል አንድ ዓምድ ጋር።

ቁጥሮቹ ሲጠራቀሙ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገባኋቸው። አማካዩ አንድ ቁጥር ነው፤ ግን ምሽቶቹ ከዚያ አማካይ ግራና ቀኝ ተበትነዋል፤ የተወሰኑት ጥቂት ብቻ ይርቃሉ፣ አንዳንዶቹ ብዙ። ያ የመራራቃቸው መጠን፣ ቀመሩ ለወራት ሊነግረኝ ሲሞክር የነበረው ነገር፣ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለ። ብዙ የራቁትን ቆጥሬ ስመለከት ደመና የሚለው ዓምድ ምልክት አለበት፤ ሰማዩ ሲከብድ ቶሎ ይወጣሉ። ጥቂት ምሽት ያየ ሰው ትልቅ ድምዳሜ ላይ አይደርስም፤ እኔም አልደርስም። ግን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እኔ ነኝ ድልድዩ ላይ ቆሜ የጠበቅሁት። አንዳንዴ መጀመሪያ ያየኋት የመጀመሪያዋ ላትሆን እንደምትችልም አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ወደ ሌላ በኩል ዞሬ ነበር። መረጃ ላይ የሚጎድል ነገር ማለት ይህ እንደሆነ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አይገባኝም ነበር።

የእግር ጉዞ ሐሳብን ያፍታታል ሲባል ስሰማ እንደ ምክር ብቻ ነበር የምወስደው። እ.ኤ.አ. በ2014 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማሪሊ ኦፔዞና ዳንኤል ሽዋርትዝ ያወጡት ጥናት፣ ሰዎች ሲራመዱ ከተቀመጡበት ጊዜ ይልቅ ብዙና አዳዲስ ሐሳቦችን እንደሚያፈልቁ፣ ጉዞው አብቅቶ ከተቀመጡ በኋላም ለጥቂት ጊዜ እንደሚቀጥል አሳይቷል። አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ላለው ጥያቄ ግን መራመድ ያን ያህል አልረዳም። በእኔም ልክ እንደዚያው ነው። ቀመር ለመሸምደድ መንገድ ላይ አልወጣም፤ ያንን ጠረጴዛ ላይ እጨርሳለሁ። የተጠላለፈውን፣ ከየት እንደምይዘው ያጣሁትን ነው ይዤ የምወጣው።

መንገዱ ላይ ብዙ ሰው የለም። ከብቶቻቸውን ከወንዙ የሚመልሱ አንድ አዛውንት አሉ። «እንደምን አመሹ አባባ» እላለሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬም መጣሽ ልጄ?» ይሉኛል። አንድ ቀን ቆም አሉና ወደ ኮረብታው ስወጣ በግራ በኩል ያለውን አቋራጭ እንዳልይዝ ነገሩኝ፤ ዝናብ ከዘነበ መሬቱ ውስጥ ውስጡን ይርሳል፣ ከላይ ደረቅ መስሎ እግር ይውጣል አሉኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ ምሥራቅ ምሥራቁን ሳይ አግኝተውኝ ምን እንደማይ ጠየቁኝ። ጥላውን አሳየኋቸው። ከብቶቹን ትተው ረጅም ጊዜ ቆመው አዩና «ሁሌ አየዋለሁ፤ የሌሊቱ መምጫ ነው የምለው» አሉ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ መጽሐፍ ላይ አላገኘሁም።

ስለ ደኅንነት ዝም ማለት አልፈልግም፤ በተለይ ሴቶች ይህን አንብባችሁ ለመውጣት ካሰባችሁ። ወዴት እንደምሄድና ስንት ሰዓት እንደምመለስ ለክፍል ጓደኛዬ ሳልነግር አልወጣም፤ ሰዓቴ ካለፈ ትደውላለች። መንገዱን መጀመሪያ በቀን ብርሃን ነው የተለማመድኩት። ለመኪና በሚሆነው ክፍል ላይ ስደርስ ፊት ለፊት የሚመጣውን እንዳይ በግራ ጠርዝ እሄዳለሁ፣ መኪና የሚሄደው በቀኝ ስለሆነ። ነጣ ያለ ልብስ እለብሳለሁ። ጆሮዬ ላይ ምንም አልሰካም። ልቤ ያልወደደው ምሽት ሲያጋጥም ከድልድዩ እመለሳለሁ፤ ኮረብታው ነገም እዚያው ነው።

ከእራት በኋላ ቤት እደውላለሁ። ድሮ ስደውል «ምን ዋልሽ?» ሲሉኝ «ትምህርት ነበረ» ብቻ ነበር መልሴ፤ እነሱም «ደህና ነን» ይሉና ዝምታ ይሆናል። አሁን የምናወራው አለን። ትልቋ ልጄ ስለ ምድር ጥላ ስነግራት «እማ፣ ታዲያ እኛም ጥላው ውስጥ ነን ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ፣ ሌሊት ማለት እሱ ነው አልኳት። ብዙ አሰበችና ለወንድሟ ልትነግረው ሮጠች። ባለቤቴ ስልኩን ተቀብሎ «ምን ብለሻት ነው?» እያለ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ እኔና ትልቋ ልጄ የመጀመሪያውን ኮከብ እየመዘገብን ነው። ደንብ አውጥተናል፦ ፕላኔት አይቆጠርም። በዚህ ሰሞን በምዕራብ ቀድማ የምትወጣው ቬነስ ስለሆነች ሁለታችንም በእሷ እንሳሳት ነበር። ሳይርገበገብ የሚያበራው ፕላኔት፣ የሚርገበገበው ኮከብ መሆኑን አስተማርኳት፤ አሁን እሷ ናት የምታርመኝ። እሷ ከሰገነት፣ የመንገድ መብራት እየረበሻት፤ እኔ ከኮረብታ። ጀምበር የምትጠልቅበት ሰዓት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ እሷም እንደኔ ከመጥለቂያው በኋላ ያለውን ደቂቃ ነው የምትጽፈው። እስካሁን የእሷ ኮከብ ከእኔ ዘግይቶ ነው የሚታየው። የዘገየው በከተማው መብራት ነው ወይስ ሕንፃዎቹ ዝቅ ያለውን ሰማይ ስለጋረዱባት የሚለውን ገና አልለየንም፤ እሷ መብራቱ ነው ባይ ናት።

በሚቀጥለው ሳምንት ጨረቃ ሙሉ ሆና ታልፋለች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ስለምትወጣ አመሻሹ ጨለማ ይሆንልናል፤ ለከዋክብት ጥሩ ጊዜ ነው። የክፍል ጓደኛዬም አብሬሽ እወጣለሁ ብላ ጫማ ተውሳለች። እሷ የሌሊት ወፎቹን ትቆጥራለች፣ እኔ ወደ ላይ አያለሁ። ልጄ ደግሞ የሰገነቱን መብራት አጥፍታ ለመሞከር ከአባቷ ፈቃድ አግኝታለች።